ስም ያልወጣላት

ሂሎ ላይ ዝናቡ ስንብትን አያውቅም፤
«ልሂድ» ብሎ ወጥቶ ደጅ ላይ ነው የሚቆም።
ከሌሊት ፈረቃ፣ እግሬን እየጎተትኩ፣
በኦሺሮ አጥር ሥር ሳልፍ እንደለመድኩ
ጓሮው አስቆመኝ።

ቢጫው ከቀዩ ጋር ቦታ ሲጋፋ፣
ባለ ምንቃሯ አበባ፣ የሙዝ ዘመድ ነገር፣
ዝናብ ተጎንጭታ አንገቷን ስትደፋ፣
ቡገንቪሊያው ደግሞ አጥር አልበቃ ብሎት
ከጎረቤት ጣራ ወጥቶ ሲንሰራፋ!

«ግቢ» አለኝ ሽማግሌው፣ መቀሱን ኪሱ ከቶ።
ስማቸውን ብጠይቅ፣ የመጽሐፉን ትቶ
የሰው ስም ጠራልኝ በአገጩ አመልክቶ፦

«ያቺ ፑአናኒ ናት፣ የፖስታ ቤቷ ልጅ፤
ቆርጣ ስትሰጠኝ ‹አይበቅልም› ብላኝ ነበር እንጂ!
ወፍራሙ ቀይ ደግሞ ፓስተር ካሂሌ ነው፤
ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ስንቴ ለመንነው።
ይቺ ነጯ እህቴ ናት» አለ።
ጠረኗ እስከ መንገድ ይወጣል።
ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ስሜን ጠየቀኝ። «ዘርፌ።»
«ዜ-ሩ-ፌ» አለ፣ ሦስቴ አላምጦ፤
ወደ በርሜሉ ጥግ፣ ጭቃውን አቋርጦ፣
ስም ያልወጣላትን አንዷን አሳየኝ፦
ቁልቁል የተንጠለጠለች፣
ጠርዟ ክር በክር የተተለተለ፣
ቀይ ዘርፏን ነፋስ የሚያበጥረው።
«ይቺ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ስሜ ምን ማለት እንደሆነ መች ነገርኩት?
ቤቴ ሃያ እርምጃ ነው።
እንቅልፌን እዚያው፣ ከበርሜሉ አጠገብ፣ ረሳሁት።