ሻገተ ወይ?

ካቻምና ነው ነገሩ፣ ጥቅምት ሲያጋምስ፣
ባቫኒ ወንዝ ሞልቶ ከዳር ሲፈስስ፣
እርዳችን ታረደ።
ቢላ ያልያዘ እጅ፣ ከታች ከጭቃው ውስጥ
ማሳውን አንገት ለአንገት እያነቀ ሄደ።
ቅጠሉ ከጠርዙ ቢጫ እየለበሰ፣
ግንዱን ሳብ ሳደርገው በጄ ላይ ፈረሰ፤
ሽታው ተከትሎኝ ቤት ድረስ ደረሰ።

በዱቤ የመጣው የጠርሙሱ መድኃኒት
ትሉን ከነልጁ፣ ጉንዳኑን ከነቤት
ጨረሰው፤ ብስባሹ ግን ንክች አላለም፤
ዕዳው ነው ያፈራው፣ እርዱ አልበቀለም።
ባሌ ቲሩፑር ሄደ፣ ካናቴራ ሊሰፋ፤
እኔና እናቱ ቀረን፣ ቁርሾና ግማሽ ተስፋ
ባንድ ጣራ ሥር ይዘን።

አምና በሰኔ፣ ከእርሻው ጽሕፈት ቤት፣
ኢላንጎ የሚሉት፣ መነጽሩ ስንጥቅ፣
እፍኝ የማይሞላ፣ ከአመድ የማይደምቅ
ዱቄት ሰጠኝ።
«ፈንገስ ነው» አለኝ፤ «ነፍስ አለው፣ አትናቂው፤
ማሽላ ቀቅዪና በርዶ ሲያበቃ አብዪው።
ሥር የሚያበሰብሰውን ከሥር ሥሩ አድኖ፣
ይጠመጠምበታል እንደ ሐረግ ሆኖ፤
እሱን ይበላዋል፣ እርድሽን አይነካም።»
ሻጋታን በሻጋታ? ማንም ሰው አያምንም።
«እሾህን በሾህ ነው» አለና ሳቀብኝ።

ማሽላው በሰለ። በሸክላ ገንቦ ሆኖ
ከአልጋዬ ሥር አደረ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ።
በሦስተኛው ቀን ነጭ፣ እንደ ጥጥ ብናኝ፤
በስምንተኛው ግን
አረንጓዴ! የበቀቀን ክንፍ የመሰለ፣
ሽታው እንደ ኮኮናት ደስ ደስ የሚል።
ሻጋታም ሸጋ ሲሆን ያን ቀን አየሁ።

ከገበያ ስመለስ ገንቦው ባዶ ነበር።
«እህል አሻግታ ካልጋ ሥር የምታኖር፣
እንዲህ ያለች ምራት ታይታም አታውቅ ባገር!»
ካሩፓዪ ናት፤ አማቴ። ጉድጓዱ አጠገብ፣
ቦዩ ከሚያልቅበት፣ ከመጨረሻው መደብ
ወስዳ ደፍታዋለች።
ለሙሉው ማሳ የደገስኩትን
አንድ ጥግ በላው፣ ብቻውን።
ሦስት ቀን ሙሉ አልተነጋገርንም።
(ገንቦውን ሳጥብ አለቀስኩ። ይህን እሷ አታውቅም።)

ጥቅምት መጣ።
ሰማዩ እንደ ካቻምናው ወንፊቱን ቀደደ፤
ቢጫው ከሰሜኑ ጫፍ ተነሥቶ ወረደ፤
መደብ አልፎ መደብ፣ መደብ አልፎ መደብ፣
ጉድጓዱ ጥግ ሲደርስ
ቆመ።

ተንበርክኬ ማስኩ። ጣት ጣት የሚያክል፣
ጠንካራ፣ ቢሰብሩት ውስጡ ፀሐይ የሚል።
ለዓይን የታየው ይህ ነው። ሌላውማ፣
ከፀጉር የቀጠነው ዘበኛ በዚያ ጨለማ
እንዴት እንደ ዘመተ፣ ማንን እንዳነቀ
እኔ አላየሁም፤ አፈሩ ነው ያወቀ።

ካሩፓዪ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።
ይቅርታ አልጠየቀችም፤ አታውቅበትም።
አጎነበሰች። አንድ ጭብጥ አፈር ዘግና አሸተተች።
በሳሪዋ ጫፍ ቋጥራው ወደ ቤት ገባች።

ዘንድሮ ገንቦው ያለው ከእሷ አልጋ ሥር ነው።
የኒም ፍሬ ወቅጣ ከእበት ጋር ለውሳው፣
እርጥብ ጆንያ አልብሳ ታስተኛዋለች፤
ኢላንጎንም «ዘገየህ!» ብላ ተቆጥታለች።
ሌሊት እሰማታለሁ፤ ኩራዟን ለኩሳ፣
ክዳኑን በቀስታ ከፍ አድርጋ አንሥታ፣
ትንፋሿን ውጣ ታያለች።
ትናንትና ደግሞ ትከሻዬን ነቅንቃ፣
«ቫላርማቲ፣ ተነሺ» አለችኝ ተጨንቃ፤
«ስድስት ቀኑ እኮ ነው፤
እስካሁን አልሻገተም። ምን ሆኖብን ይሆን?»