ስምንት ግራም

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ አዳማ ስትተኛ፣
ንፋሱ ብቻውን የጣሪያ ዘበኛ፣
ከፍራንኮ ጀርባ፣ ከጠባቧ ቤቴ
ምድጃዬ ይሞቃል ሳይነሳ ጎረቤቴ።
ገመቹ ሲያቦካ፣ እስከ ክርኑ ሊጥ፣
ቦንቱ በሚዛኗ ቆርጣ ስታስቀምጥ፣
እኔ ከጥግ ሆኜ ደብተር ስገላብጥ፦
ዱቄቱ ጨመረ፣ እርሾው ጨመረ፣
ኪራዩም፣ መብራቱም፤
የሰው ኪስ ብቻ ነው ባለበት የቀረ።

ደብተር አፍ የለውም፤ ያን ሌሊት ግን ነበረው፦
«ወይ ዋጋሽን ስቀይ፣ ደንበኛሽ ይሽሽ፤
ወይ ከሁለቱ አንዱን ሸኚ ከደጅሽ፤
ወይ ደግሞ...» ብሎ ድምፁ ዝቅ አለ፣
ዓይኑ ቢላዋው ላይ እንደተተከለ።

«ቦንቱ፣» አልኳት፣ «ከዛሬ ሰማንያው ሰባ ሁለት ይሁን።»
«ዋጋውስ?» አለችኝ ሳታነሳ ዓይኗን።
«ዋጋው ያው ነው።»
ቢላዋው አየር ላይ ትንፋሽ ያህል ቆመ፤
ከዚያ ወረደ።
የደሞዝተኛ እጅ ምን ይላል? ታዘዘ።
ነውሩ የእኔ ነበር፣ እጁ ግን የእሷ።

ስምንት ግራም ምን አላት? አንዲት ፍርፋሪ፣
ለድንቢጥ ቁርስ እንኳ የማትሆን ቀሪ።
ግን ሁለት ሺህ ዳቦ ነው የቀኑ ውሎ፤
ስምንት በሁለት ሺህ፣ አሥራ ስድስት ኪሎ፣
ከሰፈሩ ምሳ ዕቃ በየቀኑ ጎድሎ
ደሞዝ ሆነ፣ ኪራይ ሆነ፣
ለእኔም፣ አልዋሽም፣ አንድ ቀሚስ ሆነ።

ብሎኬት ተሸካሚው ዱባለ ጎህ ሲቀድ
ሁለት ዳቦ ያዘ፤ መዳፉ ከፍ ዝቅ ሲል እንደ ሚዛን ክንድ፣
«ዳቦሽን አሞታል እንዴ? ከስቷል» ብሎ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ደረቀ።
ስድስት የምትገዛው የወይዘሮ እልፌ ልጅ
ሄዳ ተመልሳ ቆመች ከእኔ ደጅ፦
«እማዬ ምራቂ ጨምሪላት ብላለች።»
በአራት ዓመት ጉርብትና
እልፌ ምራቂ ጠይቃኝ አታውቅም።
እጇ መዝኖታል፤ አፏ ግን ጨዋነቱን አለቀቀም።

የንግድ ቢሮ ሰዎች መጡ፣ ሁለት ሆነው፤
መዘኑ። ተያዩ።
«ከጎረቤቶችሽ ያንቺ ይሻላል» አሉኝ፤
አሥር ዳቦ በፌስታል ይዘው ተሰናበቱኝ።
ሒሳብ አላሉም። ሒሳብ አላልኳቸው።
ከሌባ የተሻለች ሌባ፤
ይሄም እንደ ምርቃት ተቆጠረ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ከሸምሰዲን ሱቅ
አንድ ኪሎ ስኳር ገዛሁ፤
እንዲያው በነገሩ ሚዛኔ ላይ ጣልኩት፦
ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።
በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንዳለ
ከልጅነቴ እሰማ ነበር፤ ቁናው ቁጥር እንዳለው ግን ማን ነገረኝ?
ቱግ ብዬ ወጣሁ፤ ደጁ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤
እሱም ጥግ ተቀምጦ
ደብተር ይገላብጣል።
የጎደለው ግራም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከበር ወደ በር፣
እንደ አዳማ አቧራ ሁሉም ቤት ያድር ነበር።
ስኳሩን ታቅፌ ዝም ብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሌሊት «ሰማንያ» አልኳት።
ካርቶን ቀድጄ በወፍራም ማርከር ጻፍኩ፦
«ዳቦ አንድ ብር ጨምሯል። ሊጡ ሰማንያ ይቆረጣል።
የተጠራጠረ ሌሊት መጥቶ ይይ።»
ማንም ሌሊት አልመጣም።
ሰልፉ መንገድ ተሻገረ፣ ወደ ማዶው ቀላል ዳቦ።
ገመቹ የወሩን ግማሽ ደሞዝ ጠበቀኝ፤
«ሐቅሽ በማን ኪስ ነው የተጋገረው?» ብሎ ጠየቀኝ።
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝ።

ዱባለ ዛሬ መጣ። ካርቶኑን አነበበ፤
መዳፉን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ምንም አላለ፤
«ለዛሬ አንድ ስጪኝ» ብሎ ሳንቲሙን ቆጠረ።
ሰጠሁት። ሙሉውን። አንድ።

ንፋሱ ጣሪያውን አሁንም ይጠብቃል፤
ደብተሩ ተከፍቶ ከጎኔ ይነቃል፤
የቦንቱ ቢላዋ ግን ሲወርድ
አየር ላይ አይቆምም።