ሽንቁሩ

ብራንደን፣ ማኒቶባ። ጥር። ጋራዡ ውርጭ ነው፤
ሌላንድ ሙጫውን ብብቱ ሥር አሞቀው።
«ፈጣኑን ለመንቁር፣ ለስንጥቁ ብቻ፤
ለክንፉ ግን ነጩን፣ የሚያዘግመውን፤
ላባ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ጊዜ ስጠው።»

የዳክዬዋን አንገት በጥጥ ብጠቀጥቀው ወፈረ፤
«ትራስ ማን አዘዘን?» አለና ሳቀብኝ።
አወጣሁት፤ ደግሞ በቁንጥር በቁንጥር።
ለዓይኗ ዙሪያ ሸክላ፣ ምስር የምታህል፤
ከበዛ ትደነግጣለች፣
ካነሰ ትሞታለች፤ ሁለተኛ።

ደረቷ ላይ ያለውን የጥይት ሽንቁር
በሰም ደፈንኩት፤ ላባ አለበስኩት፤ ጠፋ።
ኮራሁ።

ሃሊና መጣች፤ የሟች ባሏን ዳክዬ
ከሥር እስከ ላይ በጣቷ ዳበሰች፤
ፈለገች፤ አጣች።
«የታለ?» አለች፤ «እሱ የነካት እኮ
እዚህ ጋ ነበር።»

ሌላንድ፣ ምንም ሳይል፣ መርፌ አቀበለኝ።