ሙቀት አይሞትም

ነሐሴ በካውሹንግ አየሩ ላብ ነው፤
ወደብ ዳር የሚኖር እስትንፋሱ ጨው።
አባቴ ከፊት ነው፣ እኔ ከኋላ፤
በኪሴ የስድስት ወር ቁጠባ፣ በእጄ ጃንጥላ።
ማዘርቦርድ ልንገዛ፣ ማቀዝቀዣም ጭምር፣
ፕሮሰሰሬ ከተፈጠረበት በላይ እንዲበር።

የአጎቴ ልጅ ዌይ-ሉን፣ ታይናን ተቀምጦ፣
አምስት ነጥብ አራት ጊጋኸርዝ ረግጦ፣
ፎቶውን ላከልኝ፤
(ልጅ ሳለን ብስክሌት ስንጋልብም
ከፔዳሉ በፊት ደወሉን ነበር የሚነካው።)

ወይዘሮ ፓንግ ሱቋን በመብራት ሞልታዋለች፤
ሳጥኑን ሳትከፍት ዋጋውን ትጠራለች።
"ይሄ ቀይ ያበራል፣ ይሄ ደግሞ ሐምራዊ፤
ይሄኛው ሙዚቃ ሲሰማ ይሆናል ሰማያዊ።"
እኔ ልቤ ሄዷል። እጄ ቦርሳዬ ላይ።
አባቴ ግን አላት፦ "ክብደቱስ? እስቲ ልይ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት በመርከብ ሞተር ቤት
የኖረ ሰው ነው፤ ግራ ጆሮውን የተወበት፤
ሰው ሲያወራ ከንፈር የሚያነብ፣
ብረት ሲያወራ ግን መዳፉ የሚያስብ።
ቦርዱን ተቀበላት። መብራቱን አላየም።
ስለ ራም፣ ስለ ድምፅ አንዲት ቃል አልጠየቀም።
ከሶኬቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን
ትናንሽ ግራጫ ኩቦች፣ ኃይል የሚያደርሱትን፣
በጥፍሩ ቆጠረ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም።
"ስምንት። ክዳናቸውም ስስ ቆርቆሮ። አይችሉም።

ሞተሩን ስታስሮጥ ነዳጁን የሚያቀብል
ቱቦ ነው ቀድሞ የሚቃጠል።
ሁሉ የሚያየው ፒስተኑን ነው፤
መርከብ ግን ባሕር መሀል የሚቆመው
በማትታይ ቫልቭ ነው።"

ከመደርደሪያው ሥር፣ ከአቧራ መሀል፣
አንድ ካርቶን ሳበ፤ ጠርዙ ተልጧል።
ቡናማ ቦርድ፣ ድምቀት የሌለው፣
ያምና ሞዴል፣ ማንም ያልፈለገው፤
ዐሥራ ስድስት ኩብ፣ በላያቸው ደግሞ
የአሉሚኒየም ጡብ፣ እንደ ድንጋይ ካብ ቆሞ።
"እሱን?" አለች ፓንግ፣ ቅር እንዳላት።
"እሷን" አለ አባቴ።
መርከብም ሆነች ቦርድ፣ ካመናት እንዲህ ነው የሚጠራት።

ማቀዝቀዣው ላይ ተጣላን።
እኔ ውኃውን አልኩ፤ ቱቦው ቀጭን፣ መልኩ መልካም፤
ባለ ሦስት ማራገቢያ፣ ሲዞር እንኳ አይሰማም።
አባቴ ሳቀ (ሳቁ ሳል ይመስላል)፤
"ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ክፍል ካደሩ ማን ይጠብቃቸዋል?
እኔ እንደሆንኩ ጡረታ ወጥቻለሁ።"
ከመዳብ ቱቦ፣ ከስስ ከስስ አሉሚኒየም
የተሠራ ግንብ አነሣ፤ አንድ ኪሎ ተኩል፤ ለመልክ አይሆንም።
"ሙቀት አይሞትም፤ ቤት ነው የሚቀይር፤
ከዚህ ስታስወጣው እዚያ ነው የሚያድር።
ያንተ ሥራ መግደል ሳይሆን መሸኘት ነው፤
በሩን አስፋለት፣ መንገዱን አሳጥረው።"

ማታ ገጠምነው። ግንቡ ከኬዙ በሁለት ጣት በለጠ፤
ክዳኑ እምቢ አለ፤ የእናቴ ሳቅ አመለጠ።
ክዳኑን ግድግዳ አስደገፍነው። እስካሁን እዚያው ነው።

ባዮስ ገባሁ። ቁጥሩን ደረጃ በደረጃ አወጣሁ።
አምስት። አምስት ነጥብ አንድ። ቮልቱን ነካ አድርጌ ጠበቅሁ።
ነጥብ ሁለት። ነጥብ ሦስት። አባቴ መዳፉን
ከግንቡ በላይ ዘርግቶ ያደምጣል ነፋሱን።
ነጥብ አራት ላይ
"ደከማት" አለ፤
ስክሪኑ ሰማያዊ ሊሆን አንድ ትንፋሽ ሲቀረው።

እንደገና ሞከርኩ። ቮልት ጨመርኩ። ያው ነው።
"ዌይ-ሉን ስንት ሰዓት ቆየለት?" አለኝ።
ፎቶውን ከፍቼ አየሁ። ፎቶ ሰዓት የለውም።

ወደ ሦስት መለስኳት፤ እስኪነጋ ጸናች፤
ሰባ ዘጠኝ ዲግሪ፤ አንዴም አልተንገዳገደች።
አባቴ ከተከፈተው ኬዝ ፊት ለፊት፣ ወንበር ላይ፣
ሙቅ ነፋሱ ፊቱን እየዳሰሰው አንቀላፋ፤
ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ተኝቶ አላየሁትም።

ጎሕ ሲቀድ እናቴ መስኮቱን ከፈተች።
የእኛ ሙቀት ወጣ።
የጎረቤት ገባ።