ከሮብ ገበያ በላይ

አይሱዙው ጣለን ከሮብ ገበያ አፋፍ፣
ገና ሳይነጋጋ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ።
ስንሻው ከፊት ነው፣ ዱላው ይቀድመዋል፤
የሽወርቅ ከኋላ፣ ትንፋሿ ይሰማል።
እኔ መሐል ሆኜ፣ ቆሎዬን እየቃምኩ፣
ስንቴ ተቀመጥኩኝ «ጫማ ልሰር» እያልኩ!

አስታው አለቀና ጓሳው ሲቀበለን፣
ከጉልበታችን ሥር ደመናው ቀረልን።
«ምን ይገትርሃል፣ ጅብራ ነህ ወይ?» አለችኝ፤
ከእውነተኛው ጅብራ ጎን ቆሜ አገኘችኝ።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተቀደደ፣
ባቄላ የሚያክል በረዶ ወረደ።
ከቋጥኝ ሥር ሆነን ጥርስ ስናፋጭ ቆየን፤
አባርቶ ብንወጣ ነጭ አገር አየን።
ስንሻው ሳይናገር ማዳበሪያ ዘርግቶ
(ባዶ የዩሪያ ከረጢት፣ ከቤት ይዞት መጥቶ)
ቁጭ አለ፣ ተንሸራተተ፣ ጮኸ እስከ ጉድባው፤
ሱሪው ተተርትሮ እሱ ግን ደኅና ነው።
የአርባ ዓመት ሰዎች በተራ ተጣላን፣
ቁልቁል እየሳቅን፣ ሽቅብ እየማልን።

ኔትወርክ የሚገኘው ከጮቄ ጫፍ ብቻ ነው።
ለእንዳላማው ደወልን፤ ማርቆስ ነው የቀረው፤
ጉልበቱ ከከዳው ሁለት ክረምት ሆነው።

«በረዶ አለ?» አለ።
የሽወርቅ ዝም ብላ ስልኩን ወደ መሬት አወረደችና
ረገጠች፦ ኩርሽም፣ ኩርሽም፤ ቀስ ብላ እንደገና።
ከዚያ ማዶ ትንፋሽ ብቻ።
ቆይቶ፦ «ከጉድባው በግራ በኩል ውረዱ፤
በቀኝ ድንጋይ አለ፣ ሣር የሸፈነው።
እኔ ነኝ የማውቀው።»

ስንሻው የተተረተረ ሱሪውን ዳበሰ።