የውሃ ተራ

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ እኛ በምንኖርበት ፎቅ፣
ውሃ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ መምጫው የማይታወቅ፤
በሌሊት ብቅ ይላል፣ ሳይነጋ ይሄዳል፣
እንቅልፋም ጀሪካን ሳምንት ባዶውን ያድራል።

ድረ ገጽ ሠራሁለት፣ ከመዳፍ የማትሰፋ፣
ወሬ የላት፣ ሥዕል የላት፣
ሰዓት እየጻፈች፣ ሰዓት የምታጠፋ፦
"ብሎክ ሰባ ሁለት፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ብሎክ ሰማንያ፦ የለም፣ ቧንቧው ተሰብሯል።
መቶ አራት፦ መጥቷል፤ ግን ጭቃ ቀላቅሏል።"

አንባቢዬ ሠላሳ አንድ ሰው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አልጨመረ።
ፀጉር ሠሪዋ ዘቢደር፣
ታክሲ አስከባሪው ሙዘይን፣
ሌሊት ተረኛ ሆነው ውሃ የሚያመልጣቸው ሁለት ነርሶች፣
የቀሩትንም በጀሪካናቸው ክዳን ቀለም አውቃቸዋለሁ።

ከገጿ ግርጌ፣ እንደ ጉልት መደብ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ
ለማላውቀው ነጋዴ አከራየሁ፤
ጫማ ይዘረጋበታል ጠዋት፣ ብድር ይጠራበታል ማታ።
በወር የሚገኘው
ለገጿ ኪራይ፣ ለዳታ፣
ከተረፈም ግማሽ ኪሎ ሙዝ ነው።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ ቁጥሩ ሰማይ ነካ፤
ሠላሳ አንዱ ሰዎች አርባ ሺህ ሆኑ ለካ!
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።
በዚያች ሌሊት ገዛሁ ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ፣
ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት፣ በሕልሜ፣ እስከ አፉ ሞልቶ።

ሲነጋ መዝገቡን ገልጬ አየሁት።
አርባ ሺህ እግር ገብቷል፣ አንድ ዳና አጣሁበት።
ስሙን ከማላውቀው አገር፣ ከአንድ አዳራሽ ተነስቶ፣
በሰከንድ ሰባት ጊዜ በሬን በርግዶ ገብቶ፣
ጫማውን ነክቶ ይወጣል፤
ጫማ የሚያጠልቅበት እግር ግን የለውም።
ከአርባ ሺው አንዱ እንኳ "ውሃው መጣ?" አላለም።
እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም፦
ጀሪካን ያልያዘ፣ ያልተጠማ።

ደብዳቤም ደረሰኝ፣ ጨዋ፣ ፊርማ የሌለው፤
"ልክ ያልሆነ ጉብኝት" ነው አርእስቱ የሚለው።
"ገቢዎን መልሰን ወስደናል፤ ቢደገም በሩ ይዘጋል።"
ማን ላከብኝ? ለምን? ይህን ማን ይነግረኛል?
በገዛ ደጄ ላይ እኔው ሌባ መሰልኩ።

ሰባት ሌሊት ሙሉ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው፣
ስክሪን ላይ አጎንብሼ
ጠጠሩን ከፍሬው ለየሁ፤ አዳራሹን አጠርኩት።
አጥሩ ሲጠብቅ ግን አንዷን ነርስ ዘጋሁባት፤
በሆስፒታሏ ኔትወርክ ብትገባ ከባዕድ ቆጠርኳት።
በሦስተኛው ቀን ደጄን አንኳኳች፣
ባዶ ጀሪካኗን እንደ ክስ ወረቀት አንጠልጥላ።

አርባ ሺው ረገፈ።
አንዱ ግን አልረገፈ።
ከዚሁ፣ ከሰፈራችን፣ ከአንዲት አሮጌ ስልክ፣
ከሌሊቱ ስድስት እስከ አሥራ አንድ፣
ጫማውን ይነካል፣ መቶ ሃያ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፤
በየሰዓቱ መባቻ አሥር ደቂቃ ያቋርጣል፣
ግቢ ዞሮ እንደሚመለስ ሰው።

ጋቢ ደርቤ ደረጃውን ወረድኩ።
ዘበኛችን ጋሽ ጉርሜሳ፣ በካፖርታቸው ተጀቡነው፣
አውራ ጣታቸውን በትንፋሽ አሙቀው
ይነካሉ።

"መጣሽ? ልጄ ነው ያሳየኝ፤
አንዴ ሲነኩት ላንቺ ሳንቲም ይገባል አለኝ።
ውሃውን በነፃ ትነግሪናለሽ፤ እኔ ምን አለኝ?
ሌሊት አለኝ፤ ጣት አለኝ።
ዛሬ መቶ ደፍኛለሁ።"

ደብዳቤው ለእኝህም ጣት ያወጣው ስም ያው ነው።
ምን ብዬ ልንገራቸው?
"ጋሽዬ፣ እጅዎን ብርድ ይመታዋል" አልኩ፤
እዚያው ቆሜ፣ በስልኬ፣ የጉልቱን መደብ አፈረስኩ።
ጫማው ጠፋ።
እሳቸው ስልካቸውን ወዘወዙ፣ ኔትወርክ የሄደ መስሏቸው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ቧንቧው አስነጠሰ፣
አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ፈሰሰ።
"ጻፊው!" አሉኝ።
ጻፍኩ፦ "መቶ አርባ፦ መጥቷል። ጠርቷል።"
ቆጣሪው በዚያ ሰዓት ያሳየኝ አንድ ሰው ነው፤
እሳቸውም ጀሪካን ፍለጋ፣ ካፖርታቸውን ጥለው ሮጠዋል።