ስቱኮ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በገመድ ተጎትቶ፣
ገባ ከግቢዬ አንድ ኤንትሬ አርጅቶ፤
ኮፈኑ ተጨማዶ፣ ፓራፋንጎው ዝጎ፣
የግራ በኩል በሩ ወደ ውስጥ ሰርጎ።
ከኋላው እንድሪስ፣ ሹፌሩም ጌታውም፣
በእግሩ ይከተላል፤ ቀድሞት አያውቅም።

«ለሰኞ፣» አለኝ፣ «ባቲ ገበያ ያድርሰኝ፤
ከዚያ ወዲያ ቢቆም፣ ቢወድቅም አይቆጨኝ።»
ሳቅሁ። ባቲላሜራ ነኝ፣ አርባ ዓመት በሥራ፤
ባቲን ረግጬ አላውቅ፣ የደረሰኝ ላሜራ።

ፀሐዩ ከቦርከና ማዶ ቆርቆሮውን ያግላል፤
መዶሻ ለማንሳት ሙሄ ይቸኩላል።
«መዶሻ ኋላ ነው፤ ጆሮ ይቅደም፣» አልኩት፤
በጣቴ አንጓ በሩን ከላይ እስከ ታች አንኳኳሁት።
ጤነኛ ላሜራ ሲነኩት ይጮሃል፣
ደወል እንኳ ባይሆን፣ እንደ ትሪ ይላል፤
የታመመው ግና ድምፁን ይውጠዋል፣
ገመና እንዳለው ሰው አፉን ይለጉማል።
ከእጀታው በታች፣ ስንዝር ያህል ቦታ፣
ድው — አለና ቀረ። ከዚያ ወዲያ ዝምታ።

ፋቅነው።
መጀመሪያ ሰማያዊው ሄደ፣ በእቁብ ብር የተቀባው፣
ቀጥሎ አረንጓዴው፣ ዘመቻ በወሰደው ጊዜ የለበሰው፣
ከሥሩ ስቱኮ፤ ግራጫ፣ ጣት ሙሉ፣ እንደ ከረመ ቂጣ፤
በመሮ ነቀልኩት —
ከጉድጓዱ ውስጥ ብጣሽ አቡጄዲ ወጣ፣
ጠርዙ ሰማያዊ።

አቡጄዲውን አውቀዋለሁ።
እኅቴ ዘምዘም ናት፣ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣
በመቀነቷ ሸሽጋ፣ ለእጅ መጥረጊያ ያመጣችልኝ፣
ያኔ፣ ጢሜ ሳያጎነቁል።

ያን ቀን ዳምጤ፣ አለቃዬ፣ ለለቅሶ ደሴ ወጥቷል፤
ኦክስጅኑ አልቋል፤ እንድሪስ በር ላይ ቆሞ «ዛሬውኑ!» ይላል፤
አሰብ መርከብ ገብቷል፣ ጭነት ይጠብቃል።
ቆርጦ መበየድ ነበር የባለሙያ ወጉ።
እኔ ጨርቅ ወተፍኩ፣ ስቱኮ ለሰንኩበት፣
በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁ፣ ቀለም ነፋሁበት።
መጣ፤ በሩ ላይ ፊቱን አየ፣ ጎፈሬውን አበጠረ፣
አሥር ብር ጉርሻ ከደረት ኪሴ አኖረ።
በአሥሩ ብር ሸራ ጫማ ገዛሁ። ነጭ።

ዝገት አይቸኩልም።
የሐረጎን ጉም ጠጣ፣ የሚሌን አቧራ በላ፤
ላዩን ደኅና አስመስሎ፣ ከጨርቁ ኋላ
አርባ ክረምት ሙሉ እንደ ምስጥ ሠራ።

«የማን እጅ ነው?» አለ ሙሄ፤ «ሌባ ነው የሠራው!»
መሮውን አስቀመጥኩ። «እኔ ነኝ» ልል ስል
እንድሪስ ቀደመኝ፤
«ከአሰብ ስመለስ ነጭ ሸራ አድርጎ ያየሁት ልጅ ነዋ!
ገርባ ሳልደርስ ነው የሰማሁት።
መኪናው ሁለመናው ሲንኳኳ፣ ሲንገጫገጭ፣
በርሜሉ፣ ሰንሰለቱ፣ ተሳቢው፣ የገዛ ጥርሴ፣
ያቺ ስንዝር ብቻ ዝም ትላለች።
ክርኔን እዚያች ላይ ነበር የማሳርፈው።»

ምን ይባላል?
የበሰበሰውን ቆረጥኩ፤ ከናፍጣ በርሜል አዲስ ቀደድኩ፣
ጫፍ ለጫፍ ገጠምኩ፣ ነጥብ በነጥብ በየድኩ፣
ግለቱ እንዳያጣምመው በእርጥብ ጨርቅ አበረድኩ፤
ሙሄ ከውስጥ ብረት ደግፎ፣ እኔ ከውጭ በመዶሻ፣
እስኪስተካከል፣ እስከ ምሽት።
ቀይ አንቲሩጅን ለቀለቅን።
ስቱኮ? ወረቀት ያህል፤ ጨርሶ ያለ ስቱኮስ አይሆንም።

የበሩን ሒሳብ አልጠየቅሁም፤ ይልቅ አሥር ብር አወጣሁ።
የዛሬ አሥር ብር! ሻይ እንኳ በቅጡ አይገዛ።
እንድሪስ አገላብጦ አየው፣
ከመስተዋቱ ሥር ሰካው።

ቅዳሜ ማታ፣ ቀለሙ ሲደርቅ፣ በጣቱ አንጓ መታት፤
እንደ ትሪ ጮኸች፣ ጥርት ብላ።
ሙሄ ፈገግ አለ፤ እኔም።
እንድሪስ ጆሮውን አስጠግቶ ጥቂት ቆየና፣
«በቃ፣» አለ፣ «እሷም ጀመረች።»